ዐሥራ ሁለት ዙር ወይስ ስድስት? የዶክተር ጂያኒ ቦናዶና ሕይወትና የጡት ካንሰር ሕክምና ሙከራዎቻቸው

የጡት ካንሰር ሕክምና የምትከታተል እናት ቀዶ ሕክምናው ተጠናቆ ኬሞቴራፒ እንደሚያስፈልጋት ሲነገራት፣ አስቀድማ ከምትጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ሕክምናው ስንት ዙር እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዙሩ ቁጥር ከሥራ የምትቀርባቸውን ቀናት፣ ከክልል ከተሞችና ከገጠር የምትመጣ ከሆነም በዘመድ ቤት የምትቆይባቸውን ወራት፣ የትራንስፖርትና የመድኃኒት ወጪዋን፣ ልጆቿን የሚጠብቅላትን ሰው ሳይቀር ይወስናል። ሐኪሙ ቁጥሩን ሲነግራት ታዲያ ከራሱ አመንጭቶ አይደለም። ከቁጥሩ ጀርባ፣ ረጅሙና አጭሩ ሕክምና ጎን ለጎን ተፈትነው የተገኘ ውጤት አለ። ይህን ፈተና በጡት ካንሰር ኬሞቴራፒ ላይ ቀድመው ካካሄዱት ሐኪሞች መካከል ጣሊያናዊው ዶክተር ጂያኒ ቦናዶና ይገኙበታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጂያኒ ቦናዶና በ1934 በሰሜን ጣሊያን በምትገኘው በሚላን ከተማ ተወለዱ። የልጅነት ዘመናቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር የገጠመ ነበር። በ1959 ከሚላን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በዚያን ጊዜ ካንሰርን ማከም ማለት በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ወይም በጨረር ማቃጠል ነበር። መድኃኒት በካንሰር ላይ ሊኖረው ስለሚችለው ድርሻ ብዙዎች ተስፋ አልነበራቸውም፤ በመድኃኒት ብቻ ካንሰርን አክማለሁ የሚል ሐኪም ከሙያ ባልደረቦቹ ዘንድ ከበሬታ የሚያገኝበት ጊዜ ገና አልደረሰም።

ወጣቱ ሐኪም ይህን አዲስ መስክ ለመማር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኒው ዮርክ አቀኑና በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ሠለጠኑ። በማዕከሉ ካስተማሯቸው አንዱ ዶክተር ዴቪድ ካርኖፍስኪ ናቸው። ካርኖፍስኪ ከኬሞቴራፒ ቀዳሚዎች አንዱ ከመሆናቸውም በላይ፣ አንድ ሕመምተኛ የዕለት ተዕለት ተግባሩን ምን ያህል ማከናወን እንደሚችል ከዜሮ እስከ መቶ በቁጥር የሚለካውን መመዘኛ ያዘጋጁ ሰው ናቸው። መመዘኛው በስማቸው እየተጠራ ዛሬም ያገለግላል። ቦናዶና ከዚህ ቤት የቀሰሙት ትልቁ ነገር የአንድ መድኃኒት ስም አልነበረም። ሕመምተኛን በጥንቃቄ መመዝገብ፣ የመድኃኒቱን ጥቅምና ጉዳት በቁጥር መለካት፣ አስቀድሞ በተጻፈ ዕቅድ መሠረት መሥራት የሚባለውን የሥራ ልማድ ይዘው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ።

በሚላን ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሥራ እንደጀመሩ በእጃቸው የገባው የመጀመሪያው ታላቅ ጉዳይ አንድ ቀይ ፈሳሽ መድኃኒት ነበር። መነሻው በደቡብ ጣሊያን ካስቴል ዴል ሞንቴ በተባለው ጥንታዊ ግንብ አካባቢ ከተወሰደ አፈር ውስጥ የተገኘ ረቂቅ ሕዋስ ነው። ፋርሚታሊያ የተባለው የጣሊያን የመድኃኒት ኩባንያ ከዚህ ሕዋስ ዝርያ ያወጣውን አዲስ መድኃኒት በአቅራቢያው ባለው በአድሪያቲክ ባሕር ስም አድሪያማይሲን ብሎ ሰየመው፤ ዛሬ በሐኪሞች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ዶክሶሩቢሲን በሚለው ስሙ ነው። ይህን መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ሞክረው ውጤቱን በ1969 ለዓለም ያሳወቁት ቦናዶናና ባልደረቦቻቸው ናቸው። መድኃኒቱ ዕጢን የማቅለጥ ብርታት ነበረው፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ የልብ ጡንቻን እንደሚጎዳ ታወቀ። በሀገራችን ሆስፒታሎች የጡት ካንሰር ኬሞቴራፒ የሚወስዱ እናቶችም ያውቁታል፤ ከተወሰደ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንትን ወደ ቀይነት የሚለውጠው ይኸው መድኃኒት ነው። ቀለሙ ከመድኃኒቱ የመጣ እንጂ ደም አይደለምና ሊያስደነግጥ አይገባም።

ቦናዶና ይህን መድኃኒት ከሌሎች ሦስት ጋር አጣምረው ሆጅኪን ሊምፎማ ለተባለው የካንሰር ዓይነት ያዘጋጁት ሕክምና ኤ ቢ ቪ ዲ በሚል ምሕጻር ይታወቃል። በ1975 የታተመው ይህ ሥራ ብቻውን ለአንድ ሐኪም የሕይወት ዘመን በቂ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው ሕክምና ብዙ ወጣቶችን መሐን ሲያደርግ፣ አንዳንዶቹንም ከዓመታት በኋላ ለደም ካንሰር ሲያጋልጥ፣ አዲሱ ጥምረት ይህን ጉዳት በእጅጉ ቀነሰው። እርሳቸውን በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከፍ ባለ ስፍራ ያስቀመጣቸው ግን በጡት ካንሰር ላይ የሠሩት ሥራ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጡት ካንሰር ያለባት ሴት የሚጠብቃት ሕክምና ከባድ ቀዶ ሕክምና ነበር። ጡቷ፣ ከጡቷ ሥር ያለው የደረት ጡንቻና በብብቷ ያሉት ንፍፊቶች በአንድነት ይወገዳሉ። ቀዶ ሕክምናው በሚገባ ተሠርቶ፣ ቁስሉም ድኖ፣ ሕመምተኛዋ ጤነኛ መስላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ካንሰሩ ወደ ብብት ንፍፊቶች ደርሶ በተገኘባቸው ሴቶች ዘንድ ግን በሽታው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአጥንት፣ በሳምባ ወይም በጉበት ላይ ተመልሶ የሚታየው እጅግ በበዙት ላይ ነበር። ይህ የሐኪሙ ቢላዋ ጉድለት አልነበረም። በዓይን የማይታዩ የካንሰር ሴሎች ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ አስቀድሞ በደም በኩል ከጡት ወጥተው ሄደዋል። የቱንም ያህል ሰፊ ቀዶ ሕክምና ቢደረግ በዚያ የሌለውን ሊያወጣ አይችልም።

ከዚህ የተወለደው ሐሳብ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመላው አካል የሚዘዋወር መድኃኒት በመስጠት የተደበቁትን ሴሎች ገና ጥቂት ሳሉ ማጥፋት የሚል ነው። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር በርናርድ ፊሸር በ1972 አንድ መድኃኒት ብቻ በመስጠት ይህን መፈተሽ ጀመሩ። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የሚሠሩት ዶክተር ፖል ካርቦን ደግሞ ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት የተሻለ ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። ይሁን እንጂ ጤነኛ መስላ ወደ ቤቷ ለምትሄድ ሴት ሦስት ብርቱ መድኃኒቶችን በአንድነት የሚሰጥ የሕክምና ማዕከል በአሜሪካ በቀላሉ አልተገኘም። ሚላን ግን ሁለት ነገሮች ነበሯት፤ አንደኛው በአንድ ተቋም ውስጥ የሚታከሙ በርካታ የጡት ካንሰር ሕመምተኞች፣ ሁለተኛው ደግሞ ዕቅዱን በተጻፈው መሠረት እንደሚፈጽሙት የታመነባቸው ቦናዶና። ወጪውን የአሜሪካው ተቋም ሸፈነ፤ ሥራው ሚላን ላይ ተጀመረ።

ሙከራው ከሰኔ 1973 እስከ መስከረም 1975 ሕመምተኞችን ሲመዘግብ ቆየ። የተመዘገቡት ሴቶች 386 ሲሆኑ፣ ሁሉም ጡታቸው በቀዶ ሕክምና የተወገደና ካንሰሩ ወደ ብብታቸው ንፍፊት የደረሰባቸው ነበሩ። ከእነዚህ መካከል 207ቱ ሦስቱን መድኃኒቶች እንዲወስዱ፣ 179ኙ ደግሞ በጊዜው እንደተለመደው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለ ተጨማሪ ሕክምና በክትትል ብቻ እንዲቆዩ ተመደቡ። ምደባው የተፈጸመው በዕጣ ነበር።

ዕጣ የሚለው ቃል በሰው ሕይወት ላይ ሲነገር የሚያሳስበው ሰው ይኖራል፤ ማሳሰቡም አያስገርምም። ነገር ግን መድኃኒቱ ለማን ይሰጥ የሚለውን ሐኪሙ ቢወስን ኖሮ፣ ምናልባት ጠንካራ የሚመስሉትን ለመድኃኒቱ፣ ደከም ያሉትን ለክትትል ይመርጥ ነበር። ወይም በተቃራኒው፣ በሽታው የጠናባቸውን እያዘነ ለመድኃኒቱ ያስቀድም ነበር። ያን ጊዜ በሁለቱ ወገን የሚታየው ልዩነት ከመድኃኒቱ ይምጣ ከሕመምተኞቹ አስቀድሞ የነበረ ልዩነት ይሁን ማንም ሊለይ አይችልም። በዕጣ ሲመደቡ ግን ወጣቷም አረጋዊቷም፣ ዕጢዋ ትልቅ የሆነውም ትንሽ የሆነውም ሴት በሁለቱም ወገን በተመጣጠነ ቁጥር ትገኛለች።

ሁለቱም ዕጣዎች የራሳቸው ሸክም ነበራቸው። ለክትትል የተመደበችው ሴት መድኃኒቱ የሚጠቅም ሆኖ ከተገኘ፣ ጥቅሙ ሳይደርሳት ቀርቷል ማለት ነው። ለመድኃኒቱ የተመደበችው ደግሞ ምንም ሕመም ሳይሰማት አንድ ዓመት ሙሉ በማቅለሽለሽ፣ በማስታወክ፣ በድካምና በፀጉር መሳሳት ውስጥ ታልፋለች፤ ወጣት ከሆነች የወር አበባዋ ሊቋረጥና ላይመለስ ይችላል። በዚያን ጊዜ ማስታወክን የሚያስታግሱት መድኃኒቶች እንደ ዛሬዎቹ የረቀቁ አልነበሩም። መድኃኒቱ የማይጠቅም ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሥቃይ ከንቱ በሆነ ነበር። ሙከራው ሲጀመር ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሙከራውን ማካሄድ ተገቢ ያደረገውም ይኸው አለማወቅ ነው።

ሕክምናው በሦስቱ መድኃኒቶች የላቲን ፊደላት መነሻ ሲ ኤም ኤፍ ተብሎ ተጠራ። ሳይክሎፎስፋማይድ በአፍ የሚዋጥ ሆኖ ለ14 ቀናት በተከታታይ ይወሰዳል። ሜቶትሬክሴትና ፍሎሮዩራሲል በመጀመሪያውና በስምንተኛው ቀን በደም ሥር ይሰጣሉ። ከዚያ የሁለት ሳምንት እረፍት ይከተላል። እረፍቱ ያለ ምክንያት አልተሰጠም፤ መድኃኒቶቹ ከካንሰር ሴሎች ጋር በአጥንት መቅኒ ውስጥ የሚፈጠሩትን የደም ሴሎችም ስለሚመቱ፣ ነጭ የደም ሴሎች እስኪያገግሙ መጠበቅ ያስፈልጋል። እንዲህ በየ28 ቀኑ የሚደጋገመው አንዱ ሂደት አንድ ዙር ይባላል። በዕቅዱ የተቀመጠው 12 ዙር ሲሆን፣ ይህም ወደ አንድ ዓመት ይጠጋል።

የመጀመሪያው ውጤት በየካቲት 1976 በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ጥናቱ በተጀመረ በ27 ወራት ውስጥ፣ ያለ መድኃኒት በክትትል ከቆዩት ሴቶች 24 በመቶ በሚሆኑት ላይ በሽታው ተመልሶ ታይቷል። መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል ግን ይህ የደረሰባቸው 5.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዜናው ከሕክምናው ዓለም አልፎ በጋዜጦችና በቴሌቪዥን ተሰማ። በአንጻሩ ጊዜው ገና መሆኑን ያስጠነቀቁ ሐኪሞችም ነበሩ፤ መድኃኒቱ በሽታውን አዘገየው እንጂ አላጠፋው ይሆናል የሚለው ስጋታቸው በጊዜው መሠረት ነበረው። ለዚህ ስጋት መልስ ሊሰጥ የሚችለው ሕመምተኞቹን ለረጅም ዓመታት መከታተል ብቻ ነበርና፣ ቦናዶና ይህንኑ አደረጉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ የመጀመሪያው ውጤት ገና ሳይታተም፣ በመስከረም 1975 ሁለተኛ ሙከራ ጀምረው ነበር። በዚህኛው ሁሉም ሴቶች መድኃኒቱን ይወስዳሉ፤ ዕጣው የሚለየው የጊዜውን ርዝመት ነው። ግማሾቹ 12 ዙር፣ ግማሾቹ 6 ዙር። አንድ ዓመት የሚለው ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር ተነጻጽሮ የተመረጠ አልነበረም። የተደበቁት ሴሎች በስድስት ወር ውስጥ ጠፍተው ከሆነ ቀሪው ስድስት ወር ለሕመምተኛዋ ሥቃይ ብቻ ነው። ካልጠፉ ደግሞ ማሳጠሩ ሕይወቷን ለአደጋ ይጥላል። እስከ ግንቦት 1978 በዘለቀው ምዝገባ ከ450 በላይ ሴቶች ተካተቱ።

የሕክምናን ርዝመት የሚመረምር ሙከራ ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ አዲስ መድኃኒት የለበትም፣ ጎንዮሽ ጉዳቱም አስቀድሞ ይታወቃል። አስቸጋሪነቱ ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱ ወገኖች በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት አንድ ዓይነት ሕክምና ስለሚወስዱ፣ በመካከላቸው ልዩነት ካለ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ረጅሙ የደረሳት ሴት በዘጠነኛው ወር ተሰላችታ ልታቋርጥ ትችላለች። አጭሩ የደረሳት ደግሞ በሥጋት ተጨማሪ ሕክምና እንዲሰጣት ልትጠይቅ ትችላለች። ሁለቱም በዕጣው ካልጸኑ ሁለቱ ወገኖች እየተመሳሰሉ ይሄዱና ሙከራው የጠየቀው ጥያቄ ይደበዝዛል። በዚህ ላይ አንድ መድኃኒት ከሌላው የተሻለ መሆኑን ከማሳየት ይልቅ፣ አጭሩ ከረጅሙ እንደማያንስ ማሳየት ብዙ ሕመምተኛና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ስለዚህ የእያንዳንዷ ሴት መዝገብ፣ የወሰደችው መጠን፣ የዘገየው ዙር፣ የቀረችበት ቀጠሮ ሁሉ በጥንቃቄ መያዝ ነበረበት። ይህን መረጃ ለአሥርት ዓመታት ያደራጁትና የተነተኑት የቦናዶና የሥራ ባልደረባ ፒኑቻ ቫላጉሳ ናቸው። ስማቸው ከቦናዶና ስም እኩል ባይነሳም፣ ያለ እርሳቸው ድካም ከሚላን የወጡት ቁጥሮች የሚታመኑ አይሆኑም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአምስት ዓመቱ ውጤት በ1983 ታተመ። ስድስት ዙር የወሰዱት ሴቶች ዐሥራ ሁለት ከወሰዱት በምንም አላነሱም፤ በሽታው ሳይመለስባቸው በመቆየትም ሆነ በሕይወት በመኖር። ከዚያ በኋላ የሲ ኤም ኤፍ ሕክምና ርዝመት ስድስት ዙር ሆኖ በዓለም ዙሪያ ተለመደ። ለአንዲት ሕመምተኛ ይህ ማለት ስድስት ወር ቀድሞ ወደ ሥራና ወደ ልጆቿ መመለስ፣ ስድስት ወር ያነሰ ማቅለሽለሽ፣ ግማሽ ያህል የመድኃኒት ወጪ ነው። አዲስ ነገር ሳይፈለሰፍ፣ ያለውን በመቀነስ ብቻ ይህን ያህል ጥቅም ያስገኘ ሥራ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

እዚህ ላይ ለታካሚዎች ጥንቃቄ የሚሻ ነጥብ አለ። የዙሩ ቁጥር በሙከራ ተረጋግጦ መቀነሱና ሕመምተኛዋ ከታዘዘላት ዙር በራሷ ውሳኔ መቅረቷ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቦናዶናና ቫላጉሳ በ1981 ባወጡት ሌላ ጥናት የመጀመሪያዎቹን ሕመምተኞች መዝገብ መለስ ብለው መርምረው፣ እያንዳንዷ ከታቀደላት የመድኃኒት መጠን ምን ያህሉን እንደወሰደች አሰሉ። ከታቀደው 85 በመቶና ከዚያ በላይ ከወሰዱት መካከል በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው ያልተመለሰባቸው 77 በመቶ ነበሩ። ከ65 በመቶ በታች በወሰዱት ዘንድ ቁጥሩ 48 በመቶ ሆነ፤ ምንም መድኃኒት ካልወሰዱት 45 በመቶ ብዙም የማይርቅ ነው። ይህ ንጽጽር በዕጣ የተደረገ ባለመሆኑ ሌሎች ተመራማሪዎች የተለያየ አስተያየት ሰጥተውበታል፤ አነስተኛ መጠን የወሰዱት አስቀድሞ የደከሙ ሊሆኑ ይችላሉ የሚለው ትችት ተገቢ ነው። በኋላ በአሜሪካ በዕጣ የተካሄደ ሙከራም መጠንን ከሚገባው በታች ማውረድ እንደሚጎዳ አሳይቷል።

ሐኪሙ የደም ምርመራ አይቶ አንድን ዙር በሳምንት ቢያዘገየው የሕክምናው አንድ አካል ነው። በአንጻሩ በመንገዱ ርቀት፣ በገንዘብ እጥረት ወይም በማቅለሽለሹ ብርታት ምክንያት ሕክምናውን ለማቋረጥ የምታስብ ታካሚ፣ ከመቅረቷ በፊት ጉዳዩን ለሚከታተላት ሐኪም ወይም ነርስ መንገር ይኖርባታል። ለማስታወክ የሚሰጠውን መድኃኒት መቀየር ወይም ቀጠሮውን ማስተካከል ይቻላል። ያለፈውን ዙር ግን ከወራት በኋላ መልሶ እንደነበረ ማድረግ አስቸጋሪ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 386 ሴቶች ክትትል አልተቋረጠም። በ1995 የሃያ ዓመቱ ውጤት ሲታተም፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ የመሞት ዕድል በሩብ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በ2005 ክትትሉ ወደ ሠላሳ ዓመት በተጠጋ ጊዜም ጥቅሙ እንደጸና ነበር። በሽታው ተዘግይቶ እንጂ አልጠፋም የሚለው የ1976 ስጋት በዚህ መልስ አገኘ። ውጤቱን ከሚገባው በላይ ማጉላትም አይገባም፤ ካንሰሩ ወደ ንፍፊት ደርሶባቸው ከነበሩት ከእነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ መድኃኒቱን ወስደውም በበሽታው ሞተዋል። ቦናዶናም ሲ ኤም ኤፍን እንደ መጨረሻ መልስ አልቆጠሩትም። አድሪያማይሲንን ከሲ ኤም ኤፍ ጋር እንዴት ማሰለፍ እንደሚሻል መረመሩ። አንዱን ጨርሶ ሌላውን ማስከተል፣ ሁለቱን እያፈራረቁ ከመስጠት የበለጠ ውጤት እንዳለው አሳዩ።

በዚያው ተቋም የቀዶ ሕክምናው መሪ የነበሩት ዶክተር ኡምቤርቶ ቬሮኔሲ ደግሞ ጡትን ሙሉ በሙሉ ሳያስወግዱ ዕጢውንና ዙሪያውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት በትናንሽ ዕጢዎች ላይ በቂ መሆኑን 701 ሴቶችን ባሳተፈ የዕጣ ሙከራ አረጋግጠዋል። ሁለቱ ሐኪሞች ኋላ ላይ ተባብረው፣ ዕጢው ትልቅ በሆነባቸው ሴቶች ላይ ኬሞቴራፒን ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ በመስጠት ዕጢውን አሳንሶ ጡትን ማትረፍ እንደሚቻል በ1990 አሳወቁ። በሀገራችንም አንዳንድ ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒት ሲታዘዝላቸው ቀዶ ሕክምናው የተነፈጋቸው መስሏቸው ይጨነቃሉ። አሠራሩ ዕጢውን ለማሳነስ የሚደረግ፣ በሙከራ የተደገፈ ሕክምና ነው።

በ1995፣ የሃያ ዓመቱ ውጤት በታተመበት በዚያው ዓመት፣ ቦናዶና በስትሮክ ተመቱ። የአካላቸው አንድ ጎን ሽባ ሆነ፤ ንግግራቸውም ተጎዳ። በዚያን ጊዜ የ61 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። ለሦስት አሥርት ዓመታት ከአልጋው ራስጌ ቆመው ሕመምተኛን ሲጎበኙ የኖሩት ሰው አሁን አልጋው ላይ ተኝተው ሌሎች ሐኪሞች ሲጎበኟቸው ማየት ጀመሩ። በዚህ ወቅት የታዘቡት ነገር አሳዘናቸው። ብልሃት የሞላበት ሕክምና ሳለ፣ ሕመምተኛውን ቀና ብሎ የሚያይና ጊዜ ወስዶ የሚያስረዳ ሐኪም ብዙ ጊዜ እንደማይገኝ ተገነዘቡ። እርሳቸው ራሳቸው በሥራ ብዛት ዘመናቸው ጥብቅና ጠንካራ አለቃ በመሆን ይታወቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዕራቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። ከሳይንሳዊ ጽሑፎች ጎን ለጎን ለማንኛውም አንባቢ የሚሆኑ መጻሕፍትን መጻፍ ያዙ። ከእነዚህ አንዱ በጠና ከታመሙ ሌሎች ሁለት ሐኪሞች ጋር በጋራ በ2006 ያሳተሙት ነው፤ ሦስቱም ሐኪም ወደ ታካሚነት ሲሻገር የሚያየውን ተርከውበታል። ሐኪም ለታካሚው ሕክምናው ለምን እንደታዘዘ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይና ምን ሊያስከትል እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት እንዳለበት አጥብቀው ይሟገቱ ነበር። በጤና ተቋማት የሚታከም ማንኛውም ሰው ይህን የመጠየቅ መብት አለው፤ ጥያቄውም ሐኪሙን እንደ መድፈር ሊቆጠር አይገባም።

ሕመማቸው ከምርምር አላራቃቸውም። በ1999 የጡት ካንሰር ሙከራዎችን የሚያስተባብረውን የማይክል አንጄሎን ስም የያዘ ፋውንዴሽን በሚላን አቋቋሙ። በእነዚያ ዓመታት ኸር ቱ የተባለው ፕሮቲን በብዛት ለሚገኝባቸው የጡት ካንሰር ዓይነቶች የሚሰጠው ትራስቱዙማብ የተሰኘ መድኃኒት ወደ ሕክምናው ዓለም ገባ፤ ከእርሱም ጋር ያ የቆየው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ለአንድ ዓመት ይሰጥ የሚለው ውሳኔ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የተመረጠ ቁጥር ነበር። ሁለት ዓመት ከአንድ ዓመት እንደማይበልጥ ታወቀ። ስድስት ወር ይበቃል ወይ የሚለውን በፈረንሳይ የተካሄደው ሙከራ ማረጋገጥ አልቻለም። ከ4,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የብሪታንያ ሙከራ ግን በ2019 ስድስት ወር ከዓመቱ እንደማያንስ አስታወቀ። መድኃኒቱ ውድ በመሆኑ ጉዳዩ አቅማቸው ውስን የሆኑ ሀገራትን በእጅጉ የሚመለከት ነው።

ቦናዶና ይህን የመጨረሻውን ውጤት አላዩም። በስማቸው የሚሰጠው የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር የጡት ካንሰር ሽልማት ግን ገና በሕይወት ሳሉ ተቋቁሟል። ከስትሮኩ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረው፣ መስከረም 7 ቀን 2015 በተወለዱበት በሚላን ከተማ በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።